ያልተጫረው ገበታ

አንድ በያጅ ነበር፤ እሳት የማያነድ በያጅ። ስሙ ይሄነው ይባላል። በሐይቅ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ጋሽ ባንትይርጉ ከሚባሉ ጀልባ ሠሪ ዘንድ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ሲመጣ ፂሙ ገና አልወጣም ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ፂምም ሚስትም ነበረው። የሌለው ሙያ ብቻ ነው። ሙያውን ጋሽ ባንትይርጉ ሰጡት። እሱም በፈንታው "ጋሼ" እያለ፣ ቀድሞ በር እየከፈተላቸው፣ አንድም ቀን ቃል ሳይመልስባቸው ኖረ። የከተማዋ ሰው ሙሽሮችን ሲመርቅ "እንደ ባንትይርጉና እንደ ይሄነው ያፋቅራችሁ" ይል ነበር ይባላል። እኔ እንኳን ይቺን አጋነዋታል ባይ ነኝ፤ መዋደዳቸውን ግን የሚጠራጠር አልነበረም።

ስለ ሥራቸው ትንሽ ላስረዳችሁ፤ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። አሉሚኒየም ጠባዩ እንደ ብረት አይደለም። በእሳት ልበይድህ ሲሉት ያኮርፋል። ይጣመማል፣ ውስጡ ቀዳዳ ያበጃል፣ ሲበርድ ደግሞ ይሰነጠቃል። ጋሽ ባንትይርጉ ግማሽ ዕድሜያቸውን ከዚህ ብረት ጋር ሲጣሉ ኖረው በመጨረሻ ሌላ መንገድ አገኙ። ሁለት የአሉሚኒየም ላሜራዎችን ጎን ለጎን ያገጥሙና ከአንድ ወፍራም የብረት ገበታ ላይ በቡሎን ጠርቀው ያስሯቸዋል። ከበላያቸው ብረት የሚፍቅ አሮጌ ሚሊንግ ማሽን አለ። ማሽኑ ላይ እየተሽከረከረ የሚወርደውን መሣሪያ "ማማሰያው" ይሉታል። ሰፊ ትከሻ አለው፤ ከትከሻው ሥር ደግሞ አንዲት አጭር ጣት። ጣቲቱ በሁለቱ ላሜራዎች መጋጠሚያ ውስጥ ትሰጥማለች፤ ትከሻው ከላይ ይጫናል። ከመፋተጉ በሚመጣው ሙቀት ብቻ አሉሚኒየሙ ሳይቀልጥ እንደ ሊጥ ይለሰልሳል። ማማሰያው የአንዱን ወደ ሌላው እያማሰለ መጋጠሚያውን ተከትሎ በዝግታ ይሄዳል፤ ካለፈ በኋላ ሁለት የነበረው አንድ ሆኖ ይቀራል። ብልጭታ የለውም፤ ጭስም የለውም። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያይና "እነዚህ ሰዎች መቼ ነው ሥራ የሚጀምሩት?" እያለ ይሄዳል።

ታዲያ ይህ ሥራ አንድ ጥብቅ ሕግ አለው። ጣቲቱ የላሜራው ግርጌ ልትደርስ የአንድ ወረቀት ውፍረት ሲቀራት መቆም አለባት። አልፋ ከወረደች ከሥር ያለውን ገበታ ትጭራለች። ሳትደርስ ከቀረች ደግሞ ከላይ አንድ የሆነው ላሜራ ከታች ተነካክቶ ብቻ ይቀራል። ጋሽ ባንትይርጉ ይህን ለይሄነው ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነግረውታል። ይሄነው ግን ሰው ሆነና የነገሩን ግማሽ ብቻ አጥብቆ ያዘ፤ ገበታው እንዳይጫር።

በእርግጥ ይፈረድበታል ማለት አይቻልም። ገበታው ተራ ገበታ አልነበረም። ጋሽ ባንትይርጉ ከፈረሰ ድልድይ ላይ ያገኙት ብረት ነው። ዝናቡ ሥራ ያስፈታቸው ጊዜ፣ አንድ ሙሉ ክረምት ተቀምጠው በእጃቸው እየሞረዱ አስተካከሉት፤ ውሃ ቢያፈሱበት ወዴት እንደሚሄድ ግራ እስኪገባው ድረስ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በዘይት ጨርቅ ይወለውሉታል። የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጥ ክልክል ነው። ነፍሳቸውን ይማርና ባለቤታቸው አንድ ጊዜ በርበሬ ሊያሰጡበት ሞክረው ባልና ሚስት አንድ ሳምንት ተኳርፈው ነበር። ይሄነው ይህን ሁሉ ስለሚያውቅ በገበታው አጠገብ ሲያልፍ እንኳ ቀበቶው እንዳይነካው ሆዱን ሰብሰብ ያደርግ ነበር።

በጥር ወር ከሐይቁ መሀል ካለችው ደሴት አንዲት ነርስ መጣች። ሲስተር ማንጠግቦሽ ትባላለች። ጠና ያለች፣ ነገር የማታስረዝም ሴት ናት።

"ጋሽ ባንትይርጉ፣" አለች ተቀመጪ ሳትባል ተቀምጣ፣ "ባለፈው ክረምት ምጥ የጠናባትን ልጅ በደንገል ታንኳ ይዤ ስሻገር ማዕበል መታን። እናቲቱን አተረፍኳት። ሕፃኑን ግን ሐይቁ መሀል ተቀበልኩት፤ እጄ ላይ አረፈ። ማዕበል የማይበግራት ጀልባ ይሥሩልኝ። ወለሏ ሰፊ ይሁን፤ ሰው ተጋድሞ የሚሄድባት።"

"መቼ ትድረስልሽ?" አሉ ጋሽ ባንትይርጉ።

"ለሰኔ ሚካኤል። ክረምቱ ሳይገባ።"

ጋሽ ባንትይርጉ ጥቂት አሰቡና በሕይወታቸው አድርገውት የማያውቁትን ነገር አደረጉ። ወደ ይሄነው ዞረው፣ "ወለሉን አንተ ትበይደዋለህ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። እኔ ቆሜ አያለሁ" አሉት።

ይሄነው የዚያን ቀን ቤቱ የገባው በአየር ላይ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ቡሎን ሲያስር፣ ላሜራ ሲቆርጥ፣ ማሽን ሲያጸዳ ኖሯል፤ አንዳንዴም መጋጠሚያ ይሰጡታል፣ ግን አጠገቡ ቆመው፣ እጃቸው ከእጁ ሳይለይ ነበር። ሙሉ ወለል ሲሰጡት ይህ የመጀመሪያው ነው። ለሚስቱ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ነገራት፤ እሷም እንዳዲስ እየሰማች ራቱን አቀረበችለት።

በማግስቱ መሞከሪያ ቁራጭ አስሮ ማማሰያውን አወረደ። እጁ ከደስታ ብዛት ይሁን ከፍርሃት እንጃ፣ ከልኩ አሳለፈው። ማሽኑ አጓራ። ቁራጩን ሲያነሱት ገበታው ላይ የጣት ያህል ርዝመት ያለው ጭረት ታየ።

ጋሽ ባንትይርጉ ጎንበስ ብለው ጭረቱን በቀኝ አውራ ጣታቸው ዳበሱት። ከዚያ እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ከተው፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ ወጥተው ሄዱ። ያን ቀን አልተመለሱም።

"ጋሼን አስቀየምኳቸው" አለ ይሄነው ቤቱ ገብቶ።

"ታዲያ ይቅርታ ጠይቃቸዋ" አለች ሚስቱ።

"እሳቸው ሳያነሱት እንዴት ብዬ አነሳዋለሁ? ቁስላቸውን መነካካት አይሆንም?"

"እንግዲህ እንደ ፍጥርጥርህ።"

በማግስቱ ጋሽ ባንትይርጉ እንደ ወትሮው መጡ። ገበታውን እንደ ወትሮው በዘይት ጨርቅ ወለወሉ፤ ያውም በግራ እጃቸው። ስለ ጭረቱ ምንም አላሉም። ይሄነውም ምንም አላለም። አንድ ሳምንት አለፈ፤ ወር ሆነ። ነገሩ ካልተነሣ ተረስቷል ማለት ነው ብላችሁ እንዳትታለሉ። ይሄነው ጠዋት ገበታውን ባየ ቁጥር ዓይኑ ሌላ ቦታ አያርፍም ነበር፤ ያቺው ጭረት ላይ ነው የሚሄደው።

ለዚህ ነው ወለሉን ሊጀምር ሲል ጣቲቱን ፈትቶ ወደ ግራይንደሩ የወሰዳት። የጥፍር ውፍረት ያህል ብቻ ነው የቀነሰላት። ለክፋት አይደለም፤ ለስንፍናም አይደለም። ሽማግሌው የሚወዱት ነገር ዳግመኛ በእጁ እንዳይጎዳ ብሎ ነው። "አንድ ወረቀት ቢቀር፣ አምስት ወረቀት ቢቀር ምን ልዩነት አለው?" አለ ለራሱ። ፍቅር ስህተት ሲሠራ አያያዙ እንዲህ ነው፤ ጥንቃቄ ይመስላል።

ወለሉ ስድስት መጋጠሚያዎች ነበሩት። ይሄነው ስድስቱንም በሁለት ወር ጨረሰ። ውበታቸው ልዩ ነበር። እንደ ጥሩ ሹሩባ እኩል እኩል የተደረደሩ፣ ቀጥ ያሉ መስመሮች ናቸው። ገበታው ላይ ሁለተኛ ጭረት አልታየም። ጋሽ ባንትይርጉ ዓይናቸው ደከም ስላለ መጋጠሚያዎቹን በግራ አውራ ጣታቸው እየዳበሱ "ተባረክ" ይሉት ነበር። ይሄነው በሕይወቱ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎት አያውቅም።

ከፋሲካ በኋላ ሲስተር ማንጠግቦሽ ወለሉን ልታይ መጣች። በጋሽ ባንትይርጉ ዐውደ ሥራ አንድ ደንብ አለ። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ጫፍ ትርፍ ይተዋል፤ ከትርፉ ላይ ሁለት ጣት ስፋት ያላቸው ቁራጮች ይቆረጣሉ። ቁራጩን በሞርሳ ይይዙና በቧንቧ ተጭነው ያጥፉታል። አንዱን ፊቱን ወደ ውጭ፣ ሌላውን ጀርባውን ወደ ውጭ አድርገው። ሳይሰነጠቅ ከታጠፈ ብየዳው ሠምሯል። ወትሮ የሚያጥፉት ጋሽ ባንትይርጉ ነበሩ። ያን ቀን ግን፣ "አንተ እጠፈው፤ ሥራው ያንተ ነው" አሉ።

ይሄነው ቁራጩን ሞርሳው ላይ አሰረ፤ ፊቱን ወደ ውጭ አደረገ፤ ተጫነው። ቁራጩ እንደ ጎረምሳ ጉልበት ቀስ ብሎ ታጠፈ። አንድም ስንጥቅ የለም። ሲስተር ማንጠግቦሽ ሳታስበው አጨበጨበች።

"እኔም እንዲህ ያለ ብረት ብሆን አልሰበርም" አለች።

ጋሽ ባንትይርጉ አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ይሄነውን አዩት፤ ፊቱ በርቷል። ነርሷን አዩ። አፋቸውን መልሰው ዘጉ።

"ይበቃል" አሉ። "እግዜር ይስጥህ ልጄ።" ቀኝ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነበረች።

የምሳ ሰዓት ሆኖ ሁሉም ሲወጣ ይሄነው ወደ ኋላ ቀረ። ሞርሳው አጠገብ ሁለተኛው ቁራጭ እንደተቀመጠ ነው። ሳያጥፉት ቀርተዋል። ደንቡ ጎድሎ ከሚያድር ብሎ፣ ምንም ሳይጠረጥር፣ ጀርባውን ወደ ውጭ አድርጎ አሰረና ቧንቧውን ተጫነ።

ግማሽ እንኳ ሳይታጠፍ "ጠቅ" አለ። ቀጭን ድምፅ ነበር። ይሄነው ጎንበስ ብሎ አየ። ቁራጩ በመጋጠሚያው ላይ እንደ መጽሐፍ ተገልጧል። ከላይ በኩል በደንብ የተዋሐደው ገና እንደያዘ ነው፤ ከታች ግን የሁለቱ ላሜራዎች ጠርዝ እንደተቆረጡ ቀን ለየብቻው ያበራል። አንዱ ወደ ሌላው አልገባም። ሁለት ወር ሙሉ ተነካክተው ብቻ ተቀምጠዋል።

የሌሎቹን አምስት መጋጠሚያዎች ቁራጭ አመጣ። አጠፋቸው። አምስቱም "ጠቅ" አሉ።

አሁን ይሄነው ምን እንዳሰበ ልደብቃችሁ አልፈልግም፤ ደግ ሰው ስለሆነ ክፉ አላሰበም ብል አታምኑኝም። የወለሉ ጀርባ በእንጨት ይሸፈናል፤ ማንም አያየውም ብሎ አሰበ። ሐይቁ አብዛኛውን ጊዜ ዝምተኛ ነው ብሎ አሰበ። ደግሞ ጋሼ "ተባረክ" ብለዋል፤ እንዴት ብሎ ያን ምርቃት መልሶ እጃቸው ላይ ያስቀምጣል? ምሳውን ሳይበላ፣ አንዱን ቁራጭ ኪሱ ከቶ ወደ ሐይቁ ዳር ወረደ።

ሲስተር ማንጠግቦሽ ልትሄድ ታንኳው ላይ ተቀምጣ ነበር። ቀዛፊው ዕቃ እስኪያመጣ እየጠበቀች ነው። ይሄነው የታንኳውን ሁለት ጎን በሁለት እጆቿ ጭምቅ አድርጋ መያዟን አስተዋለ። ውሃው ቀጥ ብሎ ተኝቷል፤ እሷ ግን የጣቶቿ መጋጠሚያ ነጭ እስኪሆን ይዛለች።

"ምነው ሲስተር?"

"ዋና አልችልም" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። "አሥራ አንድ ዓመት ደሴት ላይ ኖሬ ዋና አልችልም። ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ሐኪሟ ከፈራች በሽተኛው ምን ይሁን? አንተ ግን ዛሬ ስታጥፈው አየሁህ። ከእንግዲህ ግድ የለኝም።"

ይሄነው ታንኳውን ገፋላት። ራቅ እስክትል ቆሞ አያት፤ እጆቿ ጎኖቹን አልለቀቁም። ከዚያ ወደ ዐውደ ሥራው አልተመለሰም። በቀጥታ ወደ ጋሽ ባንትይርጉ ቤት ሄደ።

ጋሽ ባንትይርጉ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ብርቱካን ይልጣሉ፤ ይልጣሉ ከተባለ። ብርቱካኗን በጉልበታቸው መሀል ይዘዋት በግራ እጃቸው ይታገሏታል። ይሄነውን ሲያዩ ቀኝ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደድ አደረጉ።

ይሄነው አልተቀመጠም። ቁራጩን አውጥቶ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠ።

"ጋሼ፣ ወለሉ አይሆንም" አለ። "ስድስቱም እንደዚህ ናቸው።"

ሽማግሌው ቁራጩን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። አላፈጠጡም፤ አልተቆጡም።

"ጣቲቱን ማን አሳጠራት?"

"እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"ገበታዎን እንዳልጭር ብዬ።" ከዚህ በኋላ ይሄነው ሳያስበው የአሥራ ሁለት ዓመቱ ሁሉ መጣ። "ያን ቀን ስጭረው ምንም ሳይሉኝ ወጥተው ሄዱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ቢያባርሩኝም ይሻለኝ ነበር። እኔ አባቴን በሕፃንነቴ ነው ያጣሁት፤ ከእርስዎ ሌላ የማስቀይመው አባት የለኝም።"

ጋሽ ባንትይርጉ ቁራጩን መልሰው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡና ጉልበታቸው ላይ፣ ከቁራጩ አጠገብ፣ አስቀመጡት። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ከውሃ እንደወጣ ዓሣ ነው የሚንቀጠቀጠው፤ ማስቆም አይችሉም።

"እያት" አሉ። "ካምና ጀምሮ ነው። ወለሉን ለአንተ የሰጠሁት ለዚህ ነው። ያን ቀን ጭረቱን ስዳብስ መንቀጥቀጡ ያዘኝ፤ አንተ ፊት አፈርኩ። ወጥቼ የሄድኩት ከእጄ ሸሽቼ እንጂ ባንተ ተቀይሜ አይደለም። ገበታውማ ትዝም አላለኝ።" ጥቂት አሰቡና፣ "ዋሸሁ። ትንሽ ትዝ ብሎኛል" አሉ።

ይሄነው ሳይወድ በግድ ሳቀ። ሳቁ ውስጥ እንባም ነበረበት።

"ደግሞ ስማኝ" አሉ ሽማግሌው። "ዛሬ ፊቱን ስታጥፈው፣ 'ጀርባውንስ?' ልልህ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ነርሷ ፊት ያላመንኩህ እንዳይመስልብህ ብዬ ዋጥኩት። አንተ እኔን እንዳታስቀይም፣ እኔ አንተን እንዳላሳፍር። አየህ ይሄነው? በእኔና በአንተ ይሉኝታ መሀል አንዲት ወላድ ልትሰጥም ነበር።"

ይሄነው እግራቸው ሥር ቁጭ አለ። ብርቱካኗን ከጉልበታቸው አንሥቶ ላጠላቸው። ሁለቱም ያን ብርቱካን ተካፍለው በሉ። ስለ ሽማግሌው እጅ ተነጋገሩ፤ ሐኪም ምን እንዳለ፣ ከእንግዲህ ምን እንደሚሆን። ስለ ባለቤታቸው ሞት ተነጋገሩ። ይሄነው ከሦስት ዓመት በፊት ሌላ ቦታ ሥራ ተጠርቶ እንቢ ማለቱን ነገራቸው፤ እሳቸውም ያን ጊዜውኑ ሰምተው እንደነበርና አንድ ሌሊት ሙሉ እንቅልፍ እንዳጡ ነገሩት። አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ውለው ይህን ሁሉ አልተባባሉም ነበር።

ጀንበር ሳትጠልቅ ተነሥተው ወደ ዐውደ ሥራው ሄዱ። ጋሽ ባንትይርጉ ከመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ላሜራ ላይ ምልክት የሚጭሩበትን ሹል ብረት አወጡ። በምትንቀጠቀጠው ቀኝ እጃቸው ያዙት፤ ግራዋን ደረቡባት። ከዚያ ያን ድፍን ክረምት የፈጀ፣ ባለቤታቸውን ያስኮረፈ ገበታ ከዳር እስከ ዳር ጫሩት። መስመሩ ቀጥ አላለም፤ እጃቸው እንደመራው ሄደ።

"ጋሼ!" አለ ይሄነው።

"አሁን ገበታ ሆነ" አሉ ብረቱን እያስቀመጡ። "እስካሁን ጣዖት ነበር።"

በማግስቱ ብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ አዲስ ጣት አወጡ። ሙሉ ርዝመት ያላት ጣት። ይሄነው ነው ያወጣት፤ ጋሽ ባንትይርጉ አጠገቡ ሆነው ይናገራሉ። ከዚያ ስድስቱንም መጋጠሚያዎች እንደገና፣ በዚያው መስመር ላይ፣ እስከ ግርጌ ድረስ ማማሰል ጀመሩ። በዚህ ጊዜ ነው ከተማዋ ጉድ የሰማችው። ባንትይርጉና ይሄነው ተጣሉ ተባለ። እውነትም ከዐውደ ሥራው ድምፅ ይወጣ ነበር። "አይደለም ጋሼ፣ አካሄዱ ፈጠነ" ይላል አንዱ። "አንተ ነህ ያፈጠንከው" ይላሉ ሌላው። "ጨረስክ? በል ዝቅ አድርገው።" "ዝቅ አድርጌዋለሁ፤ ይኸው ይለኩት።" መራቂዎቹ ደንግጠው ሙሽሮችን በሌላ ሰው ስም መመረቅ ጀመሩ። የማያውቁት ነገር፣ ሁለቱ ሰዎች እንደዚያ ሰሞን ተዋደው የማያውቁ መሆናቸውን ነው።

ይሄነው ደሴቲቱም ድረስ ሄዷል። ጀልባዋ ለሚካኤል እንደማትደርስና ለምን እንደማትደርስ ለሲስተር ማንጠግቦሽ አንድም ሳያስቀር ነገራት። ነርሷ ሰምታ ስትጨርስ ፊቷ ጠቁሯል።

"ያጨበጨብኩለት ብረት ነው የተከፈተው?"

"አዎ ሲስተር።"

"ይህን ልትነግረኝ ስትመጣ እግርህ አልተንቀጠቀጠም?"

"ተንቀጥቅጧል።"

"እንግዲያው ጨርሳት" አለች። "ያጠፍከውን ብረት ሳይ አምኜህ ነበር። አሁን የማምንህ በሌላ ምክንያት ነው።"

እያንዳንዱ መጋጠሚያ ባለቀ ቁጥር ቁራጭ ተቆርጦ ታጠፈ፤ ፊቱ አንድ ጊዜ፣ ጀርባው አንድ ጊዜ። አሁን መጀመሪያ የሚታጠፈው ጀርባው ነበር። ስድስቱም ታጠፉ፤ አንድም "ጠቅ" ያለ የለም። ገበታው ላይ ግን ከያንዳንዱ መጋጠሚያ ሥር ከሙቀቱና ከጫናው የተነሣ ደብዘዝ ያለ መስመር ቀረ። ጋሽ ባንትይርጉ ጠዋት ጠዋት ሲወለውሉት መስመሮቹን አንድ በአንድ እየቆጠሩ ያልፋሉ፤ ሰው የልጆቹን ስም እንደሚጠራ።

ጀልባዋ ውሃ የገባችው ሚካኤል ካለፈ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው። ክረምቱ አልጠበቃትም። በሁለተኛው ሳምንት ከደሴቲቱ ጥሪ መጣ፤ ምጥ የጠናባት እናት አለች ተባለ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ሐይቁ ተነሥቷል። ይሄነው ራሱ የጀልባዋን ሞተር ይዞ ወደ ደሴቲቱ ተሻገረ። ሲመለሱ እናቲቱ ወለሉ ላይ፣ በስድስቱ መጋጠሚያዎች ላይ፣ ተጋድማ ነበር። ማዕበሉ ጀልባዋን እያነሣ ይጥላታል። ከሥር የሚመጣው ዱብታ በጫማው በኩል እስከ ጉልበቱ ይሰማዋል። ይሄነው ወለሉን አላየም። ያየው ሲስተር ማንጠግቦሽን ነው።

ነርሷ ተንበርክካለች። ሁለቱም እጆቿ እናቲቱ ላይ ናቸው። የጀልባዋን ጎን የያዘ አንድም እጅ አልነበረም።

የብስ ሲደርሱ ጋሽ ባንትይርጉ ዝናብ እየመታቸው ቆመው ነበር። በሚንቀጠቀጠው እጃቸው ገመዱን ተቀበሉ። ሰው ያየኛል አላሉም፤ ኪስም አልፈለጉም። ሕፃኗ የከተማዋ ጤና ጣቢያ በር ላይ ተወለደች፤ ጩኸቷ ከዝናቡ በላይ ተሰማ።

ወዳጆቼ፣ መነካካት መዋሐድ አይደለም። አባቶቻችን የልብ ያልሆነውን ነገር "ከአንገት በላይ" ይሉታል፤ ከአንገት በላይ የሆነ ፍቅር ሁሉ ግን የውሸት ፍቅር አይደለም። የይሄነው ፍቅር እውነተኛ ነበር፤ የጋሽ ባንትይርጉም እንዲሁ። የጎደለው የጥፍር ውፍረት ያህል ብቻ ነው። እንዳላስቀይም፣ እንዳላሳፍር፣ እንዳልጭር ብለው ሁለቱም ከግርጌው ትንሽ ቀደም ብለው ይቆሙ ነበር። ያቺ ያልደረሱባት ቦታ በጸጥታ ቀን አትታይም። ማዕበል ሲመጣ ጀልባው የሚከፈተው ግን በእሷ በኩል ነው።

እናንተም ዛሬ አንድ የምትወዱትን ሰው አስቡ። እናት ይሁን ወንድም፣ የትዳር ጓደኛ ይሁን የሥራ ባልደረባ። የመጋጠሚያችሁ ፊት እንደሚያምር አልጠራጠርም። ጀርባውንስ አጥፋችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ?